ከክፍፍል በፊት ያለ ውሃ

ሻላና አቢጃታ በስምጥ ሸለቆ ጎን ለጎን የሚገኙ፣ በአንድ ብሔራዊ ፓርክ ስም የሚጠሩ ሁለት ሐይቆች ናቸው። ጠባያቸው ግን ለየቅል ነው። ሻላ ከ250 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ ዓሣ ግን እምብዛም አይገኝበትም። አቢጃታ ዝርግ ነው፤ ዓሣ ግን ሞልቶት ነበር። ነጮቹ ፔሊካኖች ኑሯቸውን ለሁለቱ አካፍለው ኖረዋል። አውሬ በማይደርስበት የሻላ ደሴት ላይ እንቁላላቸውን ይጥሉ ነበር፤ ጫጩቶቻቸውን የሚቀልቡበትን ዓሣ ደግሞ በመካከል ያለውን መሬት በአየር ተሻግረው ከአቢጃታ ያመጡ ነበር።

ዛሬ ያ ዓሣ የለም። አቢጃታ መውጫ የሌለው ሐይቅ ነው። ከዝዋይ (ደምበል) የሚነሳው የቡልቡላ ወንዝ፣ ከላንጋኖ የሚመጣው ሆራ ቀሎና ዝናብ ይመግቡታል፤ ፀሐይ ደግሞ በየዓመቱ ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ውሃ ታተንበታለች። ገቢው ቀነሰ ብላ ፀሐይ አትምረውም። ስለዚህ ይሸሻል፤ በሸሸ ቁጥር ጨውና ሶዳው ይበረታል። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ወዲህ ስፋቱ በግማሽ ያህል ቀንሷል፤ ውሃው ለቆሮሶ ዓሣ የማይቻል ሆነ፤ ፔሊካኑም ቀለብ ፍለጋ ሩቅ መብረር ግድ ሆነበት።

ውሃውን ማን ወሰደው? ጣት የሚቀሰርበት አንድ ሌባ የለም። ዝዋይን በሚመግቡት በመቂና በካታር ወንዞች ዳር ሽንኩርትና ቲማቲም የሚያለማ ገበሬ በውሃ ሞተሩ የአቅሙን ሳበ። በዝዋይ ዳርቻ የአበባ እርሻዎች ቀዱ፤ ብዙ ወጣቶች ደመወዛቸውን የሚያገኙት ከዚያ ነው። ከተማው ለመጠጥ ቀዳ። የሶዳ አሽ ፋብሪካው ከራሱ ከአቢጃታ እየሳበ አተነነ። ድርቅም በየጊዜው የራሱን ወሰደ። እያንዳንዱን ለብቻው ብንጠይቀው የሚያፍርበት መልስ አይኖረውም፤ ሁሉም ምክንያት አለው፣ አብዛኛውም ፈቃድ ወይም ልማድ አለው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ጥያቄ የሚነሳውም እዚህ ላይ ነው፦ ማንም ከድርሻው አልፌያለሁ የማይል ከሆነ፣ በደሉ የተፈጸመው የት ላይ ነው?

ውሃን በፍትሕ መካፈል ለእኛ አገር ሰው አዲስ ነገር አይደለም። በባህላዊ መስኖ የሚያለሙ የደጋ ገበሬዎች የውሃ አባት አላቸው። ራሳቸው ይመርጡታል፤ ወንዙ ሲጠለፍ ተራ ያወጣል፣ ቦይ ለመጥረግ ያልመጣውን ይቀጣል፣ በሌሊት የሰው ተራ የሰበረውን ይዳኛል። በትግራይ አቦ ማይ አለ፤ በቦረና ጥልቅ ኤላዎች ደግሞ የዕለቱን የማጠጣት ሥርዓት የሚያስከብር አባ ሄሬጋ አለ። እነዚህ ሥርዓቶች አንድ ትልቅ ነገር ሠርተዋል፤ ውሃ የጉልበተኛ ብቻ እንዳይሆን አድርገዋል።

ነገር ግን ዳኝነታቸው የሚንቀሳቀሰው በአቤቱታ ነው። ባለ ድርሻ የሚባለው ቦዩ ዳር ሊቆም የሚችል፣ ተራው ሲታለፍ ሊጮህ የሚችል፣ ካልሆነለትም ሽማግሌ ሊልክ የሚችል ነው። ፔሊካን አቤት አይልም። ዓሣ ምስክር አይቆጥርም። ወንዙም ራሱ ሁሉም ወስዶ የተረፈውን ይዞ ይወርዳል፤ ካልተረፈም አይወርድም። የመንግሥት ሕግ መጥቶ የውሃ አባትን ሚና በፈቃድና በማኅተም ሲተካም ይህ አልተለወጠም። የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ለቤት ውስጥ ፍጆታ የሚውል ውሃ ከሌላው ጥቅም ሁሉ እንዲቀድም ይደነግጋል። ይህ ተገቢ ነው፤ ሰው ሳይጠጣ ማሳ አይጠጣም። ከመጠጥ በኋላ ግን ወረፋው ረጅም ነው፤ መስኖው፣ ፋብሪካው፣ ተርባይኑ ተሰልፈዋል፤ ሐይቁ የቆመው ከሁሉም ኋላ ነው። በደሉ ያለው እንግዲህ ከቀጂዎቹ በአንዱ ላይ ሳይሆን በወረፋው ላይ ነው። ሁሉም ተራውን ጠብቆ ሊቀዳ ይችላል፤ ተራው ራሱ ግን የተሠራው አንዱን ወገን ሳይቆጥር ነው።

እዚህ ላይ ተቃውሞው ሲመጣ ይታየኛል፤ በለሆሳስም አይመጣም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው በሚባልበት አገር፣ እናቶች ቢጫ ጀሪካን ተሸክመው ሰዓታት በሚጓዙበት አገር፣ ስለ ወፍና ስለ ደንገል ድርሻ ማውራት የጠገበ ሰው ወግ አይመስልም ወይ? ይህን ተቃውሞ በንቀት የሚያልፍ ሰው ስለ ፍትሕ የመናገር መብቱን ያጣል። ሚዛን ላይ መቀመጥ አለበት።

እናስቀምጠው። አንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ውሃ ቢደርሰው በዓመት የሚፈጀው 7,300 ሊትር ነው፤ 7.3 ሜትር ኩብ መሆኑ ነው። አንድ ሄክታር የመስኖ እርሻ እንደ ሰብሉና እንደ አፈሩ በዓመት ከ5,000 እስከ 10,000 ሜትር ኩብ ሊጠጣ ይችላል። መካከለኛውን ብንይዝ፣ አንድ ሄክታር ማሳ የሚጠጣው የአንድ ሺህ ሰው የዓመት ውሃ ነው። በዓለም ላይ ከወንዝ፣ ከሐይቅና ከከርሰ ምድር ከሚቀዳው ጨው አልባ ውሃ 70 በመቶ ያህሉ የሚሄደውም ወደ እርሻ ነው። እናቲቱ ሩቅ የምትሄደው ፔሊካኑ ውሃዋን ስለ ጠጣባት አይደለም። ቧንቧ ስላልተዘረጋላት፣ የተዘረጋውም ስለተበላሸ ነው። አቢጃታ እስከ መጨረሻው ጠብታ ቢደርቅ የእርሷ መንገድ በአንድ እርምጃ አያጥርም። ጥማት በዚህ ክርክር ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚጠራው እንደ ምስክር ነው፤ ከምስክርነቱ የሚጠቀመው ግን ሌላ ሰው ነው።

ያም ሆኖ ሒሳቡ ተቃውሞውን ያሳንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። የመቂው ገበሬ ሽንኩርት ቅንጦት አይደለም፤ የልጁ ደብተርና የቤቱ ቆርቆሮ ነው። እንጀራ የሚበቅለው በውሃ ነው። በተፈጥሮና በሰው መካከል ያለውን ጥል ሁሉ የሀብታምና የድሃ ጥል አድርጎ መገላገል ያጓጓል፤ አንዳንዱ ግን በእውነት የሁለት ተገቢ ፍላጎቶች ጥል ነው። ከባዱንም ጉዳይ ማየት ያስፈልጋል።

ለእኔ ከባዱ ጉዳይ ጢስ ዓባይ ነው። ከጣና ሐይቅ ወጥቶ ከ40 ሜትር በላይ ከፍታ የሚወረወረው ይህ ፏፏቴ ውሃውን በየደረጃው ተሰናበተ። የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ኃይል ማመንጫ እ.ኤ.አ. በ1964 ሲሠራ የወሰደው ጥቂት ነበር። በ1996 የጨረጨራ መቆጣጠሪያ ግድብ በሐይቁ መውጫ ላይ ቆመ፤ በ2001 ሁለተኛው ማመንጫ ሥራ ጀመረ፤ በበጋ የፏፏቴው ግድግዳ ራቁቱን መታየት ጀመረ። በ2010 ደግሞ 460 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ጣና በለስ ተመረቀ። ይህኛው ፏፏቴውን ጭራሽ አያገኘውም፤ ውሃውን ከሐይቁ በዋሻ ስቦ ወደ በለስ ሸለቆ ያወርደዋል። በአማካይ በሰከንድ 77 ሜትር ኩብ ያህል እንዲወስድ ተደርጎ ነው የታቀደው። ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ብናስብ፣ ለአንድ ሚሊዮን ሕዝብ የሚበቃው የቀን ውሃ በዚያ ዋሻ ውስጥ በ11 ደቂቃ ያልፋል ማለት ነው።

ይህን መብራት ማን ይጠላል? በኩራዝ ጭስ ያጠና ሰው ፏፏቴ ላይ ተቀምጦ ስለ ውበት ሲነገረው ቢስቅ አይፈረድበትም። ከዚህም በላይ፣ የበለስ ወንዝ ከሱዳን ድንበር ሳይደርስ ተመልሶ ዓባይን ይቀላቀላል። በሊትር ለሚቆጥር ሰው ምንም አልጠፋም፤ ውሃው መንገድ ቀየረ እንጂ አገር አልለቀቀም። ግን ይህ ምሳሌ በሊትር መቁጠር ብቻውን ምን እንደሚያስት በደንብ ያሳያል። ከጣና እስከ በለስ መገናኛ ያለው ወንዝ ሥፍራውን አልለቀቀም፤ ዳርቻው ላይ የሚኖረው ዓሣ፣ ከፏፏቴው ጭስ እርጥበት የሚያገኘው ደን፣ ለእንግዳ መንገድ እየመራ የሚተዳደረው የጢስ ዓባይ ወጣት እዚያው ናቸው። ለእነርሱ ከበለስ ማዶ የሚመለሰው ውሃ የሌላ ሰው ውሃ ነው።

ተፈጥሮ የምትፈልገው ውሃ መጠን ብቻ የለውም፤ ቦታና ወራትም አለው። በጣና ውስጥ በሌላ የትም የማይገኙ 15 ያህል የላቤዮባርበስ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። ከእነዚህ በርካታዎቹ ክረምት ሲገባና ሲወጣ ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብና ወደ መገጭ ወንዞች ሽቅብ ወጥተው በጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። በነሐሴና በመስከረም የሚያስፈልጋቸውን ፍሰት በጥር ብንሰጣቸው አልሰጠናቸውም። የፎገራ ሜዳም ጎርፉን የሚጠብቀው በወራቱ ነው። የወንዝን የዓመት ውሃ ቆጥበን በሌላ ወር ብንለቅለት፣ በሒሳብ መዝገብ ላይ ዕዳችንን ከፍለናል፤ በወንዙ ላይ ግን ዕዳው እንዳለ ነው። የጨረጨራን ታችኛ ክፍል ያጠኑ የውሃ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት፣ በፏፏቴው ዙሪያ ያለው የወንዝ ሕይወት በመሠረታዊ ደረጃ እንዲቀጥል ከዓመታዊው ፍሰት አንድ አምስተኛ ገደማ፣ ያውም እንደ ወራቱ ከፍና ዝቅ እያለ መለቀቅ እንዳለበት ገምተዋል። አንድ አምስተኛ! ክርክሩ ሁሉን ወይም ምንም ይመስል ነበር፤ ሰከን ብሎ ሲታይ ለማመንጫው አራት እጁ ይተርፋል።

እስከ አሁን የተናገርሁት ብልሃት ነው፤ ጥያቄው ግን የብልሃት ብቻ አይደለም። ለምን ብለን ነው ያን አንድ አምስተኛ የምንተወው? አንደኛው መልስ ራሳችንን ያያል፦ ረግረጉ ውሃ ያጣራል፣ ዓሣው ይበላል፣ ፏፏቴው እንግዳ ይጠራል። ይህ መልስ ውሸት የለበትም። በጣና ዳር የሚኖሩት ነገደ ወይጦ ታንኳቸውን የሚሠሩት ከደንገል ነው፤ ደንገሉ ሲመነጠር የሚመነጠረው ኑሯቸው ነው። ለእነርሱ “ሰው ወይስ ተፈጥሮ” የሚለው ጥያቄ ትርጉም የለውም። የወንዝ ድርሻ ሲነጠቅ ከወፉ ቀጥሎ የሚጎዳው ሞተር የሌለው፣ ማሳ የሌለው፣ በዓሣና በግጦሽ የሚኖረው ሰው ነው።

ሆኖም ይህ መልስ ብቻውን አይበቃኝም። የሚጠቅመንን ብቻ የምንተው ከሆነ፣ የማይጠቅመን ነገር ሁሉ ፍርዱ ተፈጸመበት ማለት ነው። አቢጃታ ራሱ እዚህ ላይ ይፈትነናል፤ ፔሊካኑን ያባረረው ሶዳ ለፍላሚንጎ ይመቻል፤ በእንዲህ ያለ ውሃ የሚበቅለው ደቂቅ አልጌ ቀለቡ ነውና። ታዲያ አንዱ ወፍ ሄዶ ሌላው ቢመጣ ምን ጎደለብን ሊባል ይችላል። የጎደለው በወፍ ቆጠራ አይገኝም። ሐይቁ ዝናብ ሲበዛ እየሰፋ፣ ድርቅ ሲመጣ እየጠበበ፣ አንዴ ለዓሣ አንዴ ለአልጌ እየተመቸ በራሱ ሥርዓት ይኖር ነበር፤ አሁን ግን የእኛ ትራፊ ሆኗል። ወንዝና ሐይቅ በራሳቸው ሕግ የመኖር ጥቂት ስፍራ ይገባቸዋል የምለው ለዚህ ነው።

ይህን ሐሳብ ከሩቅ አገር የመጣ አድርጎ የሚያይ ካለ ኦሪትን ይመልከት። ባለ ማሳ እርሻውን እስከ ዳሩ ድረስ አጭዶ እንዳይጨርስ፣ ዳሩን ለድሃና ለመጻተኛ እንዲተው ታዟል። በኦሪት ዘፀአት ደግሞ በሰባተኛው ዓመት ምድር ትረፍ ይላል፤ ድሆች ይበላሉ፣ ከእነርሱ የተረፈውን የምድረ በዳ አውሬ ይበላል። የዚህ ሕግ ረቂቅነት ከልግስናው ይልቅ በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ባለቤቱ አጭዶ፣ ወቅቶ፣ ጎተራ ሞልቶ ከተረፈው አይሰጥም፤ እጁን አስቀድሞ ይሰበስባል። አውሬውም በሕጉ ላይ በስም ተጠርቷል፤ እንደ አጋጣሚ ሳይሆን እንደ ተጋባዥ። አውሬው ከድሃው በኋላ ይቀመጣል፤ ከባለ ማሳው ስስት ግን በፊት።

ይህን ቅደም ተከተል በዘመናዊ የውሃ ሕግ ውስጥ በግልጽ ካሰፈሩት አንዷ ደቡብ አፍሪካ ናት። በአፓርታይድ ዘመን ውሃ መሬትን ተከትሎ የሚሄድ መብት ነበር፤ መሬቱ የነጮች ስለነበረ ውሃውም የእነርሱ ሆኖ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1998 ማንዴላ ፕሬዚዳንት ሳሉ የወጣው የውሃ አዋጅ ያን ትስስር ቆረጠ። ማንኛውም ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት ተለይቶ የሚቀመጥ መጠባበቂያም ደነገገ። መጠባበቂያው ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ ለሰው መሠረታዊ ፍላጎት ነው፣ በተግባር ለአንድ ሰው በቀን 25 ሊትር ተብሎ የተያዘው፤ ሁለተኛው ወንዙ ራሱ ወንዝ ሆኖ እንዲቀጥል የሚያስፈልገው ነው። እርሻው፣ ማዕድኑና ፋብሪካው የሚካፈሉት ከዚያ በኋላ ያለውን ነው። አፈጻጸሙ እንደ ቃሉ አልሆነም፤ መጠኑን ማጥናት ዓመታት ፈጅቷል፣ ወንዞቹም ሁሉ የተባለላቸውን አላገኙም። ሐሳቡ ግን ይገርመኛል። የተጠማው ድሃና ወንዙ ተፋጠው የሚቆሙ ይመስለን ነበር፤ ሕጉ አንድ ወገን አድርጎ አቆማቸው።

እኛ ደግሞ ይህን ለመረዳት የውጭ ሕግ ማንበብ አያሻንም። የዘር እህል የሚባል ነገር እናውቃለን። ክፉ ዓመት ሲመጣ እንኳ ገበሬ ለቤተሰቡ የሚያካፍለው ዘሩን ለይቶ ካስቀመጠ በኋላ ነው። ዘር ከድርሻዎቹ አንዱ ሆኖ አይቆጠርም፤ በሚቀጥለው ዓመትም ድርሻ የሚባል ነገር እንዲኖር የሚያደርገው እርሱ ነው። የወንዝና የሐይቅ ውሃም እንዲሁ ከክፍፍል በፊት ያለ ውሃ ነው።

ዘሩን መብላት ምን እንደሚያመጣ ሐረማያ አሳይቶናል። ሐይቁ ለአሥርት ዓመታት የሐረር ከተማን አጠጣ፤ በዙሪያው ያለውን ጫትና አትክልት አጠጣ፤ ከተራቆቱት ኮረብቶች የሚታጠበው ደለል ሲሞላውም ዝም አለ። እ.ኤ.አ. በ2005 ገደማ ሐይቅ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ከብት በአልጋው ላይ ይሄድ ነበር። ከተማዋም ውሃዋን ከሩቅ ለማምጣት ተገደደች። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውሃ ተመልሶበታል፤ ይህ ደስ ይላል። ዳግም የመጣው ሐይቅ ግን በዚያው በአሮጌው ወረፋ መጨረሻ ላይ ከቆመ፣ ያገኘነው ምሕረት ሳይሆን ቀጠሮ ነው።

ቅደም ተከተሉን ማስተካከል ካለብን፣ የሚከፍለው ማን እንደሆነም በግልጽ መነገር አለበት። “ለተፈጥሮ እንተው” የሚለው ቃል ከላይ ሲወርድ መጀመሪያ የሚያርፈው አቅም በሌለው ላይ ነው፤ የትንሹን ገበሬ ሞተር መንቀል ከትልቁ እርሻ ቆጣሪ ጋር ከመነጋገር ይቀላልና። ፍትሕ ከሆነ መቀነስ የሚጀምረው ብዙ ከሚወስደው ነው። ቁጠባ ብቻውንም አይፈታውም። በጠብታ መስኖ ግማሽ ውሃ ያተረፈ እርሻ ብዙ ጊዜ በተረፈው ውሃ ሌላ ማሳ ይጨምርበታል፤ ሐይቁ ከቁጠባው ምንም አያገኝም። የዳነው ውሃ ለማን እንደሚመለስ አስቀድሞ ካልተጻፈ፣ ቁጠባ ሌላ የመውሰጃ መንገድ ነው።

አቤት ባይም ያስፈልጋል። በካሊፎርኒያ ሞኖ የሚባል እንደ አቢጃታ መውጫ የሌለው ጨዋማ ሐይቅ አለ። የሎስ አንጀለስ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1941 ጀምሮ ገባር ወንዞቹን ስትጠልፍ ሐይቁ እየጎደለ፣ ወፎች እንቁላላቸውን የሚጥሉበት ደሴት ከየብስ ጋር እየተገናኘ ሄደ። ከተማዋ ሕጋዊ ፈቃድ ነበራት። ጥቂት ሰዎች ግን ስለ ሐይቁ ከሰሱ፤ የክፍለ ግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1983 መንግሥት እንዲህ ያለውን ውሃ በአደራ እንደሚይዝ፣ የተሰጠ ፈቃድም ቢሆን ተመልሶ ሊታይ እንደሚችል ፈረደ። በ1994 ሐይቁ ሊመለስበት የሚገባ ከፍታ ተወሰነለት። እስካሁን እዚያ አልደረሰም፤ ቢሆንም መጉደሉ ቆመ፣ ሎስ አንጀለስም በጥማት አልሞተችም። የእኛ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን የመንግሥትና የሕዝብ ያደርጋቸዋል። የአደራው ቃል አለን ማለት ነው፤ የጎደለን በአደራው ስም የሚጠይቅ ነው።

የውሃ አባትን ሥርዓት እዚህ ድረስ ማስፋት ከአቅማችን በላይ አይመስለኝም። በየተፋሰሱ አንድ ሰው ወይም አንድ ሸንጎ ስለ ሐይቁ ተራ እንዲቆም ይሾም። ቡልቡላ በየካቲት ምን ያህል ውሃ ይዞ አቢጃታ መድረስ እንዳለበት በቁጥር ይጻፍለት፤ ቁጥሩ ሲጎድል ቆጣሪ የማዘጋት ሥልጣን ይኑረው። ይህ የሚያስከፍለው ነገር አለ፤ አንዳንድ ዓመት ጥቂት ሄክታር አይዘራም፣ አንዳንድ ወር ጥቂት ሜጋዋት አይመነጭም። ያን ዋጋ በአደባባይ ተከራክሮ መክፈል፣ ሳይነጋገሩ ሐይቅን ከመክፈል ይሻላል። ተራው የታለፈበት ሰው ስለሚጮህ ብቻ የምናከብረው ድርሻ፣ ጩኸት ፈርተን የሰጠነው ነው፤ ፍትሐችን ፍትሕ መሆኑ የሚታወቀው ሊጠይቀን ለማይችል ስንሰጥ ነው።